ጀርባቸው ያማረ ሰዎች

ስሟን መጥቀስ በማያስፈልግ አንዲት አገር፣ በአንድ ዓመት ክረምቱ ሳይመጣ ቀረ። በሰኔ ደመና ታየ፤ አልዘነበም። በሐምሌ ደመናውም አልታየም። በኅዳር የሚታጨድ አልነበረም። በታኅሣሥ ከብት አለቀ። በጥር ሰው መንገድ ወጣ። ቆላው ወደ ደጋ ወጣ፣ ደጋው ወደ ቆላ ወረደ፤ መሃል መንገድ ላይ ሲገናኙም "ከወዲያ አለ?" "የለም። ከወዲያስ?" "የለም" ተባብለው ተላለፉ። የሞተውን የሚቀብረው ሊሞት የቀረበው ነበር።

በዚያን ጊዜ በአንድ ኮረብታ ላይ አንዲት ባል የሞተባቸው ሴት ይኖሩ ነበር። ጥቂት ገብስ ነበራቸው። ገብሱን ቆልተው ፈጭተው በሶ አደረጉት፤ ለልጆቻቸው ከሚሰጡት እየቀነሱም በእንጨት ገበቴ እየበጠበጡ ከበሩ አጠገብ ማኖር ጀመሩ። በሩ አይዘጋም ነበር። የራበው ይገባል፣ ይበላል፣ ይወጣል። ማን ነህ፣ ከየት ነህ የሚለው የለም።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው ገባ። ልብሱ አርጅቶ ነበር እንጂ ድሮ የደህና ሰው ልብስ ነበር። ከገበቴው ጠቅልሎ ወደ አፉ ሲያነሳ ልጆቹ ሲያዩት አየ። የጠቀለለውን መልሶ አስቀመጠ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሳይበላ ወጣ። ሩቅም አልሄደም፤ ከአጥሩ ሥር ሞቶ አገኙት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትዮዋ ለልጆቻቸው አንድ ትእዛዝ ሰጡ። ሰው ከበሩ ሲገባ ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የሚበላው በልቶ ሲጠግብ ገበቴውን ደፍቶ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ይዞራሉ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ የተባለ ነገር አልነበረም። ጎረቤት አይቶ እንዲሁ አደረገ፣ መንደሩም ተከተለ፤ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ሳያፍር በልቶ እስከ ዝናቡ ደረሰ።

ይህን ትእዛዝ የጣሰች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ አንጓች የምትባል የሴትዮዋ ትንሽ ልጅ። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ገብታ ሳለ አንጓች አንገቷን ዘወር አድርጋ አየች፤ ልጁ ጣቱን እየላሰ ነበርና ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ወዲያው የእናቷ ጥፊ መልሶ ወደ ግድግዳው አዞራት። ሴትዮዋም ፊታቸውን ሳይመልሱ እንግዳይቱን፣ "ገበቴውንም ይዘሽው ሂጂ፤ መንገድ ላይ ውኃ ትጠጪበታለሽ" አሏት። "ብድር ነው" አለች እንግዳይቱ። "ብድር ይሁን" አሉ እሳቸው። እንግዳይቱ ልጇንና ገበቴውን ይዛ ወደ ቆላ ወረደች።

በሚከተለው ዓመት ዘነበ። ሰዉም ጠገበ። ሕዝቡ ደግሞ ውለታ የማይረሳ ሕዝብ ነበርና ያ ክፉ ዘመን እንዳይዘነጋ በየዓመቱ አንድ ቀን ተለይቶ የገበቴ ቀን ተባለ። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ቤት ከበሩ አጠገብ ገበቴ ያኖራል፣ ቤተሰቡም ወደ ግድግዳ ይዞራል።

ወጉን የለወጠ ማንም የለም። የተደረገው ማሻሻያ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ማሻሻያ በቂ ምክንያት ነበረው።

መጀመሪያ የተሻሻለው በሶው ነው። በሶ ለበዓል አይመጥንም ተባለና ጥብስ ተተካ። ጥብሱ ዝንብ ሰበሰበ፤ ዝንብም የአባቶችን ወግ ያዋርዳል ተብሎ ከፕላስቲክ የተሠራ ጥብስ ከባሕር ማዶ እንዲመጣ ሆነ፤ ሌባ እንዳያነሳው ደግሞ በወርቅ ቀለም ከተቀባው ገበቴ ጋር በማስቲሽ ተጣበቀ። ቀጥሎ የተሻሻለው ልብሱ ነው። በገበቴ ቀን የሚታየው የሰው ጀርባ ብቻ ስለሆነ ጥልፉ ሁሉ ወደ ጀርባ ሄደ፤ ፊት ለፊቱ አቡጀዲ ሆኖ ቀረ። ሹሩባውም ከማጅራት በላይ መሠራት አቆመ። ወጉን በሚገባ የጠበቀውን ቤት የሚሸልሙ ዳኞችም በየቤቱ መዞር ጀመሩ። ወጣቶች ለትዳር ሲተጫጩ ጀርባ ለጀርባ መመዛዘን ጀመሩ፤ ፊታቸውን የሚተያዩት ከሠርጉ በኋላ ነበር፤ ብዙዎቹም ከዚያ ወዲያ ደግመው አልተያዩም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማሻሻያ ግን ማንም ሳያስበው የመጣው ነው። ቴሌቪዥን ገባ። ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ስለዚህም የወግና የልማድ ጠባቂ ጉባኤ ሊቀ መንበር የሆኑት ክቡር አቶ ልሳነወርቅ፣ የእማማ አንጓች የበኩር ልጅ፣ በአደባባይ እንዲህ ብለው ተናገሩ፦ "አባቶቻችን ወደ ግድግዳ የሚዞሩት በዓመት አንድ ቀን ነበር። እኛ ግን በየምሽቱ እንዞራለን። ልጆቻችንማ ግድግዳ እንኳ አላሻቸውም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ትንሽ ግድግዳ በኪሳቸው ይዘው፣ በመንገድም፣ በማዕድም፣ በለቅሶ ቤትም ይዞራሉ። ወጉ እንደ ዛሬ ተጠብቆ አያውቅም!" ተጨበጨበ።

የወጉ ምሥጢርም ተመረመረ፤ ሊቃውንት ጉባኤ ተቀመጡ። አንደኛው የአባቶች መንፈስ በግድግዳ ውስጥ ስለሚኖር ነው አሉ። ሁለተኛው ግድግዳ የአገር አንድነት ምልክት ነው አሉ። ሊጣሉም ደረሱ። በመጨረሻ ወጉ ተወለደበት በሚባለው በአቶ ልሳነወርቅ ቤት ምርመራ እንዲደረግ ተስማሙና መነጽር ያደረጉ አንድ ሊቅ መጡ። የቤቱን ግድግዳ ለኩ፣ ከጭቃውም ቆንጥረው ወሰዱ። ሊወጡ ሲሉ ጥግ ላይ የተቀመጡትን እማማ አንጓችን አዩ።

"እናታችን፣ ወደ ግድግዳ የሚዞረው ስለ ምንድን ነው ይላሉ?"

"የሚበላው ሰው እንዳያፍር ነዋ።"

ሊቁ ፈገግ አሉ። "እንዴት ያለ ጥልቅ አነጋገር ነው! 'የሚበላው ሰው' ሲሉ ፀሐይን ነው?"

"ፀሐይ ምን ትበላለች? የራበው ሰው ነው እንጂ።"

"አዎን፣ አዎን፤ ጥበብ የራበው።"

"በሶ የራበው!"

አቶ ልሳነወርቅ ሊቁን በክንዳቸው ይዘው ወደ በሩ ወሰዷቸው። "እናቴ አርጅታለች" አሉ። "አንዳንዴ ነገር ይቀላቀልባታል።" ሊቁም የወጉ ዕድሜ ሦስት ሺህ ዓመት እንደሆነ ጽፈው አቀረቡ። የመጀመሪያው ገበቴም ከአንድ የገበያ ጠራቢ ተገዝቶ በቤተ መዘክር፣ በመስተዋት ውስጥ ተቀመጠ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ችግር ብቻ ቀረ፤ እሱም የተራበ ሰው ነው። አንድ ዓመት በገበቴ ቀን የራበው መንገደኛ አንድ ቤት ገብቶ የፕላስቲኩን ጥብስ ሊያነሳ ሲታገል ጥርሱ ተሰበረ፤ ቅርስ በማበላሸትም ተከሰሰ። ከዚያ ወዲህ ለቀኑ ክብር ሲባል በገበቴ ቀን የተራበ ሰው ወደ ከተማ እንዳይገባ ታወጀ። ድልድዩ ላይ ዘበኛ ቆመ።

በዚህ ዓመት በገበቴ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ ድልድዩ ጋ ደረሱ። አያ ጓንጉል ይባላሉ፤ ከቆላ ነው የመጡት። በአቁማዳ በሶ፣ በቅል ውኃ፣ በብብታቸውም አንድ ጥቁር የእንጨት ገበቴ ይዘዋል። እናታቸው ስትሞት መልስ ብላ አደራ ያለቻቸው ይህን ነበር። የሚመልሱትን በሶ ባገኙበት ዓመት መንገዱ አልተመቸም፤ መንገዱ በተመቸበት ዓመት አላገኙም፤ እንዲህ ሲሉ አረጁ። አሁን ጉልበታቸው ሊከዳቸው ነው፤ ብድሩን የሚያወርሱት ልጅም የላቸውም። ዘንድሮ ካልከፈሉት ሳይከፈል ይቀራል።

"ቁም!" አለ ዘበኛው። "ተርበሃል?"

"የለም ልጄ፣ ጠግቤያለሁ።"

"ገበቴ ይዘህ?"

"ብድር ልመልስ ነው።"

"የለበስከው ግን የተራበ ሰው ጨርቅ ነው።"

"ልብሱ የኔ ነው፤ ረሃቡ የለም።"

ዘበኛው አሰበ። "ስማ አባባ፤ ተርበህ ከሆነ አላስገባህም። የተራበ መስለህ የምትሠራ ከሆነ ግን ለትርኢቱ የመጡት በዚያ በኩል ነው የሚገቡት።" በዚያ በኩል የድርቁን ዘመን በትርኢት የሚያሳዩ ጉንጫቸው የሞላ ጎልማሶች፣ ፊታቸውን አመድ ተቀብተው፣ ሙዝ እየበሉ ተሰልፈው ነበር።

"በየትኛውም አስገባኝ" አሉ አያ ጓንጉል። ከጎልማሶቹ አንዱ ከላይ እስከ ታች አይቷቸው፣ "ወይ ጉድ፣ እኚህ እንዴት አድርገው ነው እንዲህ የከሱት?" አለ። "ልምምድ ነው" አለው ሌላው።

በዚያው ጠዋት በአቶ ልሳነወርቅ ቤት እማማ አንጓች ልጃቸውን ተጣሩ።

"ልሳኔ!"

"አቤት እማማ።"

"ራበኝ።"

"ዛሬ እኮ የገበቴ ቀን ነው እማማ።"

"እኮ! ለዚያ አይደል የምልህ?"

"ዳኞቹ ሳይመጡ እሳት አይነካም፤ ጭሱ ጥልፉን ያበላሸዋል። ማታ ሆቴል ይዘንሽ እንሄዳለን።"

"አምናም ይዛችሁኝ ልትሄዱ ነበር።"

"አምና ረሳንሽ። ዘንድሮ አንረሳሽም።"

"ትላንት ማታስ?"

አቶ ልሳነወርቅ ወደ ሚስታቸው ወደ ወይዘሮ ብርቅነሽ ዞሩ። "እማማ ትላንት ማታ አልበላችም እንዴ?"

"እኔ ሠራተኛዋ ሰጥታቸዋለች ብዬ" አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ።

"እኔ ደግሞ እትዬ የሰጡ መስሎኝ" አለች ሠራተኛዋ።

ምሽቱን ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞረው ነበርና ማን እንደሰጠና እንዳልሰጠ ያየ አልነበረም። ነገሩ በዚሁ አለፈ። የእማማ አንጓች ቀሚስ ከጀርባው ጥልፍ ስላልነበረው፣ የዳኞቹ ፎቶግራፍ በማይደርስበት ቦታ፣ ከበሩ ኋላ፣ ከወርቀ ቅቡ ገበቴ አጠገብ አስቀመጧቸው። እሳቸውም ጥብሱን እያዩ ዋሉ።

እኩለ ቀን ላይ ከአደባባዩ የድምፅ ማጉያው "ዙሩ!" አለ። ከተማው በሙሉ ዞረ።

አያ ጓንጉል በዚህ መሃል የኮረብታውን ቤት አገኙት፤ እናታቸው የነገረቻቸው ዋርካ አሁንም ነበረ። በሩ ለዳኞቹ ሲባል ተከፍቷል። ገብተው ሲያዩ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ወደ ግድግዳ ዞሮ ቆሟል። ሽማግሌው እንባቸው መጣ። "አልረሱም" አሉ በልባቸው። "ገና ስገባ እንዳላፍር ብለው ዞሩልኝ።"

"እንደምን ዋላችሁ" አሉ ጮክ ብለው። "ኧረ ዙሩ፤ እኔ እንኳ ልበላ አልመጣሁም።"

ማንም አልዞረም። ወይዘሮ ብርቅነሽ በሹክሹክታ፣ "ማነው? ዳኛ ነው?" አሉ።

"ዳኛ ከሆነ እንዳትዞሪ" አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

"ካልሆነስ?"

"ካልሆነ ምን ብለሽ ትዞሪያለሽ?"

አያ ጓንጉል ምላሽ ሲያጡ በሶውን ከቤቱ ገበቴ ሊገለብጡ ጎንበስ አሉ። ጥብስ ሞልቶበታል። ሊያነሱት ሞከሩ፤ ገበቴው አብሮ ተነሳ።

"እሱ አይበላም" አለ ከበሩ ኋላ አንድ ድምፅ።

አዩ። አንዲት ትንሽ አሮጊት ተቀምጠዋል።

"እርስዎስ ምነው እዚህ?"

"ቤቴ ነው።"

"ፊትዎ ገርጥቷል። አመመዎት እንዴ?"

"ሕመም እንኳ አይደለም" አሉ እማማ አንጓች። የልጃቸውን ጀርባ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ራበኝ።"

"በዚህ ቤት?"

"በዚህ ቤት።"

አያ ጓንጉል ሌላ አልጠየቁም። ጥቁሩን ገበቴ ከብብታቸው አወጡ፣ በሶውን ጨመሩ፣ ከቅሉ ውኃ አፍስሰው በጣታቸው አላወሱትና ከእማማ አንጓች ጉልበት ላይ አኖሩት። እማማ አንጓች እጃቸውን ወደ በሶው ከመስደዳቸው በፊት የገበቴውን ከንፈር ዳሰሱ። ስንጥቅ ነበረው፤ ስንጥቁም በጅማት ተሰፍቷል።

"ይህን እናቴ ናት የሰፋችው።"

"ታዲያ የመጣሁበት እሱ ነው። ብድር ነው፤ በሶውም ገበቴውም። እናቴ ናት የወሰደችው፤ እኔም አብሬ በልቻለሁ።"

እማማ አንጓች ቀና ብለው ፊታቸውን አጠኑ። "ጣትህን ስትልስ የነበርከው ልጅ ነህ?"

"ዞረሽ ያየሽኝ አንቺ ነሽ?"

"ጥፊ በላሁብህ እኮ!"

"ሰምቼዋለሁ። እኔ የተመታሁ መስሎኝ ነበር የደነገጥኩት።"

ሁለቱም አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እማማ አንጓች በሶውን ጠቀለሉ፤ አላነሱትም። እጃቸው ገበቴው ላይ እንዳለ ቀረ። በገዛ ቤታቸው፣ ከገዛ ልጃቸው ጀርባ፣ እንግዳ ባመጣው ምግብ ሊበሉ ነው። ፊታቸው ቀላ። አያ ጓንጉል አዩ፤ ገባቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱና ማንም ወዳልዞረበት፣ ሥዕልም ቴሌቪዥንም ወደሌለበት ባዶ ግድግዳ ፊታቸውን አዞሩ።

እማማ አንጓች በሉ።

በዚህ ጊዜ ዳኞቹ ገቡ። ዋናው ዳኛ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

"ይህች ሴትዮ ምን እያደረገች ነው?"

"ትበላለች መሰለኝ" አሉ ረዳታቸው።

"በገበቴ ቀን?"

"መብላት ተከልክሏል?"

"አልተከለከለም። ማንም አስቦት አያውቅም።"

"ሽማግሌውስ? ጀርባው የተጣጣፈ ነው።"

"ጥንታዊ ጥልፍ ነው እንበለው። ይልቅ ቤተሰቡን ተመልከት! ከኋላቸው ሰው እየበላ፣ ሽታው እየሸተታቸው፣ አንድ እንኳ ዘወር ያለ አለ?"

"የለም።"

"እንዲህ ያለ ጽናት አይቼ አላውቅም።"

ሊመካከሩም ፈለጉና፣ ምክራቸው ከወጉ እንዳይወጣ፣ እነሱም ወደ ግድግዳ ዞሩ። በዚያ ቤት ያን ጊዜ ፊቱ የሚታይ ሰው እማማ አንጓች ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ቀስ ብለው እስኪጠግቡ በሉ። ሲጨርሱ ገበቴውን ደፉና በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

ድምፁን ሁሉም ሰማ። ምን ማለት እንደሆነ የገባቸው አያ ጓንጉል ብቻ ነበሩና እሳቸው ብቻ ዞሩ።

"ጠገብሽ?"

"ጠገብኩ።"

"እንግዲህ ብድሬ?"

"ተከፍሏል። እናትህም ትረፍ።" እማማ አንጓች አፋቸውን ጠረጉ። "ምነው ሽማግሌ ሆነህ ራስህ መጣህ? ልጅ የለህም?"

"የለኝም። የማወርሰው አጥቼ ነው።"

"እኔ አለኝ" አሉ እማማ አንጓች፣ የተጠለፉትን ጀርባዎች እያዩ።

አያ ጓንጉል ባዶ አቁማዳቸውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፣ ወጡ። በድልድዩ ሲመለሱ ዘበኛው፣ "ትርኢቱ እንዴት ነበር?" አላቸው። "ብዙ ሰው አለ" አሉት።

ከአደባባዩ "ተመለሱ!" ተባለ። ከተማው ተመለሰ። አንደኛው ሽልማት ለአቶ ልሳነወርቅ ቤት ተሰጠ፤ አንዱን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸፍን ቴሌቪዥን ነበር። አቶ ልሳነወርቅ ሲቀበሉ ስለ አያታቸው ተናግረው አለቀሱ፤ በቤተ መዘክር ስላለው የመጀመሪያ ገበቴም ሲናገሩ ሕዝቡ አብሮ አለቀሰ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ወደ ቤት ሲመለሱ ከአማታቸው ጉልበት ላይ ጥቁሩን እንጨት አገኙ። "ይህን ደግሞ ማን አመጣው?" አሉና ለሠራተኛዋ ሰጧት። እሷም ውኃ ሞልታ ለውሻው ከበሩ አጠገብ አኖረችው።

ማታ ሁሉም ደስ ብሏቸው ሆቴል ሄዱ። እማማ አንጓችን ዘንድሮም ረሷቸው። በሚከተለው ጉባኤ ወደ ግድግዳ መዞር በሳምንት ሰባት ቀን ግዴታ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ የተቃወመ ካለም ጀርባው ለሰብሳቢው ስለነበር አልታየም።

የቆየው ብድር ግን በዚያ ቀን ከሰዓት ተከፍሎ አለቀ። እንደ ወጉም ያየ ሰው አልነበረም።